አጭር ሰላምታ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 21

ዛሬ ማትናስ፣ የሰፈራችን ሕዝብ መሰብሰቢያ ማዕከል ሄድኩ። ያስመዘገበችኝ ልጄ ኦፌቅ ናት፣ ሳትጠይቀኝ። «ኢማ፣ ሁሉን ነገር ሆድሽ ውስጥ ነው የምታስቀምጪው፤ ሂጂና ትንሽ አውጪ» አለችኝ በዕብራይስጥ። በአማርኛ ተቆጣኋት። እንደዚሁ ነው የምንግባባው።

የሴቶች መነጋገሪያ ነው የሚሉት። ስለ ራስ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ እምነት፣ ውስጥ ስላለ ቁስል... የምትመራው ኤላ የምትባል ከዖሜር ከተማ የምትመጣ ሴት ናት። ቀጭን፣ ድምፅዋ ለስላሳ፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ የምትገባ። የምትተረጉምልን ንጋት ናት፣ የሰፈራችን ልጅ።

ኤላ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ በረጅሙ ተንፍሱ አለችን። ጨፈንኩ። ቀኑን ሙሉ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ የሰው ልጅ ስሸከም ውዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሌላ ምን ልሆን ነው? ተኛሁ። ጎኔ ያለችው ሴት በክርኗ ባትጎስመኝ አንኮራፋ ነበር። ኤላ ግን ደስ አላት፤ ሰውነትሽ አመነን ማለት ነው አለችኝ። ተኝቼ ስመሰገን የመጀመሪያዬ ነው። ሳምንትም እሄዳለሁ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 23

ትርንጎን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አገኘኋት።

«ሻሎም።»

«ሻሎም።»

በቃ። የእናቴ ልጅ፣ ታላቅ እህቴ! ቤቷ እዚሁ ዳሌት ሰፈር፣ ከእኔ ሕንፃ ማዶ። እሷ ስልኳን ታያለች፣ እኔ የማላነበውን ማስታወቂያ አያለሁ። እኛ እኮ ሰላምታ ስንጀምር ሰውየው፣ ልጆቹ፣ ጤናው፣ ጎረቤቱ ሳይቀር ተጠይቆ ነው የሚያልቀው። አሁን አንድ ቃል ቀረችን። እሷም የዕብራይስጥ።

አውቶቡሱም ዛሬ አውቆ ዘገየ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 28

ኤላ ሰው ሲያስቀይማችሁ ምን ታደርጋላችሁ ብላ ጠየቀች። አንዷ እጮሃለሁ አለች። አንዷ እጸልያለሁ አለች፤ ባሏን ስለማውቀው ብዙ ሳትጸልይ አትቀርም። እኔ «ሰላምታ አሳጥራለሁ» አልኩ። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ፣ ገብቷቸዋል። ኤላን ለማስረዳት ንጋት ብዙ ደከመች።

ከዚያ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ የአባቴን ነገር አወራሁ። ያን ጊዜ ወገቤን ተቀድጄ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር፣ ቁስሉም አመርቅዞ ብዙ ቆየሁ። በመሀል አባታችን ሞተ። ቀበሩት፣ ሰባቱን የሐዘን ቀን፣ ሺቫውን ተቀመጡ፣ ተነሡ። ለእኔ ማንም ምንም አላለኝም። ድኜ ቤቴ በገባሁ ሰሞን ገና ሳይነጋ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል... ትርንጎ ከኋላቸው። አይነገራት ያለችው እሷ ናት። ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ ስተኛ አንድ ቀን እንኳን መጥታ አልጠየቀችኝም። ከሁለቱ የቱ እንደሚያመኝ አላውቅም።

ኤላ ዓይኗ ፈጠጠ። ሞት እንዴት ይደበቃል አለች። ልማዱንማ እኔም አውቀዋለሁ አልኳት፤ ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም፣ ድኖ፣ ቤቱ ገብቶ፣ ሰው በተሰበሰበበት ነው። እና ታዲያ የተቀየምሽው በምኑ ነው አለችኝ።

«እኔን የጠየቀኝ የለማ» አልኩ።

ራሴ ደነገጥኩ። ይህን ለራሴም ብዬው አላውቅም ነበር።

እሑድ፣ ኖቬምበር 2

ትናንት ጸሎት ቤት ቄሱ የጾም በዓላችን ስግድ እየደረሰ ነው፣ ቂም ይዛችሁ ኢየሩሳሌም እንዳትወጡ አሉ። ሲናገሩ እኔን ያዩ መሰለኝ። ትርንጎም እሷን ያዩ መስሏት ይሆናል፣ ነጠላዋን ስታስተካክል ነበር።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

ትርንጎ የሐሞት ጠጠር ሊያወጡላት ሆስፒታል ገባች። የነገረችኝ ኦፌቅ ናት፣ የእህቴ ልጆች ጽፈውላት። ደም ግፊቷም አልወርድ ብሏል አሉ። ልሂድ? እሷ መቼ መጣችልኝ?... አልሄድም።

እሑድ፣ ኖቬምበር 9

ምነው ስልኩን ባላነሳሁት።

ጋሼ አየሉ ናቸው፣ የአባታችን የአጎት ልጅ፣ የዘመዱ ሁሉ ሽማግሌ። እማማ ደመቀች አሽዶድ ላይ አረፉ። ዛሬ ተቀበሩ። አክስታችን ናቸው፣ ለትርንጎ ግን እናቷ ማለት ናቸው፤ እኔ ስወለድ ወስደው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ስንቴ ሕመሟን ለእናታችን ሳትነግር ለእሳቸው ነግራለች።

ደንግጬ ሳልጨርስ ጋሼ አየሉ ቀጠሉ። ትርንጎ ግፊቷ እስኪወርድ አትስማ። ቅርብ ያለሽው አንቺ ነሽ፣ እየሄድሽ አጫውቻት፣ ሰውም እንዳይነግራት ጠብቂ።

እኔ! ከሰው ሁሉ እኔ! እንቢ ልላቸው አፌን ከፈትኩና «እሺ ጋሼ» አልኩ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 10

ሄድኩ። መንደሪን ይዤ። አሳንሰሩ ውስጥ መስታወት ላይ ፈገግታ ተለማመድኩ። ገና እግሬ በሩን ሳያልፍ አየችኝ።

«ማን ሞተ?» አለችኝ።

ይኸው ነው። ዘመድ ሁሉ መክሮ የመረጠው ሰው እኔ ነኝ፣ እኔ ስመጣ ደግሞ ሰው ካልሞተ አልመጣም። ይህን ያሰበ ሽማግሌ አልነበረም። ማንም አልሞተም፣ ማትናስ የታመመ ጠይቁ ብለው የቤት ሥራ ሰጥተውን ነው አልኳት። «ድሮስ ያለ ቤት ሥራ አትመጪ» ብላ ፊቷን አዞረች።

ግን ሂጂም አላለችኝ። መንደሪን ላጥኩላት። ስልኳ በየደቂቃው ይጮኻል... ድሮ ሽማግሌ ዝም ካለ ወሬውም ዝም ይላል፣ አሁን ዋትስአፕ የማንን አፍ ይጠብቃል? ሐኪሙ ስልክ ግፊት ይጨምራል ብሏል ብዬ ወስጄ ከቦርሳዬ ከተትኩት። ሐኪሙ ምንም አላለም።

ስለ አየሩ አወራሁ፣ ስለ አውቶቡሱ፣ ስለ ሕፃናቱ። አንዴ እሷ ራሷ «እማማ ደመቀች ምነው ሳይደውሉልኝ» አለች። እጄን ልታጠብ ብዬ ወጣሁና መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ታጥቤ ተመለስኩ። ሰው ፊቱን የት ያስቀምጠዋል?

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 11

ዛሬ ዓይን ጨፍኑ ስንባል እንቅልፍ አልመጣም። ሁሉን ነገርኳቸው። ሴቶቹ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሹ በጭራሽ እንዳትነግሪያት፣ ደሟ ይነሣል። ግማሹ ደግሞ ከስልክ ከምትሰማ ንገሪያት። ንጋት የቱን እንደምትተረጉም ጠፋት። ኤላ እስኪጨርሱ ጠብቃ አንድ ነገር ብቻ አለችኝ፦ አንቺ ያኔ ምን ብትባዪ ትወጂ ነበር?

መንገዱን በሙሉ በእግሬ መጣሁ። አውቶቡስ ሁለት ጊዜ አለፈኝ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12

ከሥራ በቀጥታ ሄድኩ። ዛሬ ማን ሞተ አላለችኝም። ግፊቷን ለክተው ወርዷል ብለዋታል። ተቀመጥኩና ሳላስበው አወጣሁት።

«ትርንጎ፣ አንድ ነገር ቢኖር... እዚህ አልጋ ላይ መስማት ትወጃለሽ ወይስ ቤትሽ?»

መስኮት መስኮቱን አየች። ከዚያ እጄን ያዘችኝ።

«ስም እንዳትጠሪ» አለችኝ። «ቤቴ ገብቼ፣ በወጉ፣ ሰው ባለበት ልስማ። አንቺ ግን አትሂጂ።»

አልሄድኩም። እንባዋ በጆሮዋ በኩል ይወርዳል፣ እኔ በነጠላዬ ጫፍ እጠርጋለሁ። ስም አልጠራንም።

ቆይታ ያን ጊዜ መጥቼ ነበር አለችኝ። እኔ ወገቤን ታምሜ ስተኛ። ደጋግማ መጥታ፣ ኮሪደሩ ድረስ ገብታ፣ በሩ ላይ ስትደርስ ተመልሳለች። ፊቴን ብታዪ ታውቂብኝ ነበር አለች። «አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ ገብተሽ ተቀመጥሽ።»

«ምን ጎበዝ ነኝ፣ ገና በር ላይ አይደል ያወቅሽብኝ?»

ሳቀች። ስትስቅ ስፌቱ ያዛት፣ ሆዷን ይዛ አታስቂኝ፣ አታስቂኝ... ነርሷ ሮጣ መጣች። ሁለታችንም እያለቀስን እየሳቅን ስታየን ዝም ብላ ወጣች።

ልነሣ ስል ነው የተናገረችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ወደ እኔ ሳታይ።

«ልጠይቅሽ ይገባኝ ነበር፣ ሸዋዬ።»

ሸዋዬ ብላ ከጠራችኝ ስንት ዘመን ሆናት!

እሑድ፣ ኖቬምበር 16

ትርንጎ ከሆስፒታል ወጥታ ቤቷ ገባች፤ ዛሬ ሳይነጋ ሄድን። ጋሼ አየሉ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። በሩን ስትከፍት ለብሳ፣ ጸጉሯን አስራ ነው የጠበቀችን። ጋሼ አየሉ እንደ ወጉ ከሩቅ ጀምረው፣ ስለ ሰው ዕድሜ፣ ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ ተናግረው ስሙ ጋ ደረሱ። ትርንጎ ጮኸች። እውነቷን ነው። ያወቁት ነገር በስሙ ሲጠራ ሌላ ነው።

ይዣት ተቀመጥኩ። እሷ እማማ ደመቀችን ስትጠራ እኔ አባቴን ጠራሁ። ያን ጊዜ ብቻዬን ያለቀስኩትን ዛሬ ከእሷ ጋር አለቀስኩት። ማንም ምነው አላለኝም።

ሲወጡ ጋሼ አየሉ አፍሽ የታመነ ነው ብለው መረቁኝ። ትርንጎ ወለሉን አየች፣ እኔም ወለሉን አየሁ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 18

ኤላ ታዲያ ነገርሻት ወይስ አልነገርሻትም አለችኝ። ጠየቅኳት አልኩ። ኤላ አለቀሰች፣ ሶፍት ያቀበልናት እኛ ነን። ይቺ ልጅ ለዚህ ሥራ ልቧ ስስ ነው። በሚቀጥለው ማክሰኞ ትርንጎም ልምጣ ብላለች። ዓይን ጨፍኑ ሲሏት እንደምታንኮራፋ ከአሁኑ አውቃለሁ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 20፣ ስግድ

አሁን ከኢየሩሳሌም ገባን። እግሬ አብጧል፣ ልቤ ግን ቀሎኛል። ተራራው ላይ ጥላው ሁሉ ተዘርግቶ፣ ቄሶቹ ሲያነቡ፣ ሰዉ ሲሰግድ... አባቴን አነሣሁት። ዘንድሮ ቂም ይዤ አልወጣሁም።

የጠዋቱን ግን ልጻፈው። ነጭ ለብሼ አውቶቡሱ ጋ ስደርስ ትርንጎ ቀድማኝ ቆማለች። ሐኪሙም ቄሱም አትጹሚ ብለዋታል፣ ቦርሳዋ ዳቦ ዳቦ ይሸታል። አየችኝ። ሻሎም ልትለኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«እንዴት አደርሽ ሸዋዬ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንዴት አደርሽ?»

«ደህና። ደህና አደርሽ ወይ? ወገብሽስ?»

«ደህና ነው። ስፌትሽስ? እንቅልፍስ ወሰደሽ?»

«እንዴት ያለ እንቅልፍ! ሥራስ? ሕፃናቱስ? ጎረቤትሽ ያቺ ሩሲያዋስ፣ ጉልበቷ ተሻላት?»

እየተሳሳምን፣ ትከሻ ለትከሻ እየተጋጨን፣ ደግሞ እንደገና። ሰዉ ሁሉ ተሳፍሮ ተቀምጧል። ኦፌቅ በመስኮት ብቅ ብላ ኢማ፣ ዳይ፣ በቃችሁ አለችኝ። ሹፌሩ ሞሼ መጀመሪያ ሰዓቱን አየ፣ ቀጥሎ እኛን አየ፣ ቀጥሎ ጡሩምባውን ነፋ።

ምን እናድርግ... ገና ልጆቻችን ጋ አልደረስንም ነበር።