መንገድ ላይ ናት

ልጄ ሆዴ፣ እንደምን ከረምሽ? እኛ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና ደህና ነን።

አባትሽ ልቡ ድንገት ታሞ ደረቱ በአስቸኳይ መከፈቱን ወንድምሽ ነግሮሻል። ልብስ ሰፊ መቼም ልማዱ አይለቀውም፤ «ከእግሬ ደም ሥር ቆርጠው ልቤን ጣፉልኝ፤ ስፌቱ ግን የጀማሪ ነው» እያለ ነርሶቹን ሲያስቃቸው ሰነበተ። ከትናንት ወዲህ ቁስሉ መግል ይዞ ትኩሳቱ አልወርድ ብሏል። ሐኪሙ ፋሻውን ቀይሮ እኔን ለብቻዬ ወደ ኮሪደሩ ጠርቶ አነጋገረኝ፤ ትሁት ሰው ነው። ሱቁን ለጊዜው ዘግተነዋል።

አባትሽ «ልጅቷን እንዳትጠሩ፣ ሥራ አታስፈቷት» ሲል ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን እጄን ይዞ «መጣች?» አለኝ። «መንገድ ላይ ናት» አልኩት።

አብረውሽ ላሉት ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺ። ልጄ፣ ውሸታም አታድርጊኝ። በሰላም ያገናኘን።

እናትሽ