በጆሮ የተሰጠኝ ሁለት ቤት

…ከዚያ እጄን ይዘሽ «ቅኔውን ደግመህ በል» አልሽኝ። ደገምኩ። መሃሉ ላይ ሳትኩ። ፈገግ አልሽ፤ ከንፈርሽ ደርቆ ነበር። እንደገና ከመጀመሪያው ነገርሽኝ።

ጥሩዬ፣ ከሄድሽ ነገ ዓመት ይሞላል። ይህን የምጽፍልሽ ከብቸና፣ ከወንድምሽ ቤት ነው። የሞጣውን ቤታችንን ለጎረቤት አደራ ብዬ መጣሁ። ልጃችን ግድግዳውን ቀለም አስቀብታዋለች፤ አንቺ ራስሽን የምታስደግፊበት ቦታ የነበረው የቅባት ምልክት ጠፍቷል። ባታስቀባው እወድ ነበር። አልነገርኳትም።

እኔም ተለውጫለሁ። ገበያ ሄጄ ጨው ይዤ እመለሳለሁ፤ ሳሙናውና በርበሬው መንገድ ላይ ይቀራሉ። ስልክ ቁጥር ሲነግሩኝ መጨረሻው ሲደርስ መጀመሪያው ሄዷል። ድሮ የክፍሌን ተማሪዎች ስም በአንድ ቀን የምይዘው ሰውዬ! ልጃችን «አባዬ፣ ጆሮህ ይቀበላል፣ ልብህ አያስቀምጥም» ትለኛለች። ልታስቀኝ ብላ ነው።

አንቺም እንዲሁ ነበርሽ። ሐኪሙ ጥቂት የአማርኛ ቃላት ነግሮሽ «ይመልሱልኝ» ሲልሽ ሁለቱን ብቻ መለስሽ። አፈርሽ፤ ነጠላሽን ወደ ዓይንሽ ሳብሽ። በዚያው ቀን ግን ወንድምሽ በስልክ አዲስ ቅኔ ሲነግርሽ አንዴ ሰምተሽ ሙሉውን መለስሽለት። አፍ የፈታሽበት ቋንቋ አልያዝ ብሎሽ ግእዙ እንዴት ተያዘልሽ?

አባትሽ ቅኔ ሲያስተምሩ ከአጥሩ ወዲያ ሆነሽ፣ ተማሪዎቹ የሚያመልጣቸውን አንቺ ትይዢው ነበር። እናትሽ «አንቺ ልጅ፣ ጥጡን ፍተዪ!» እያሉ ይቆጡሽ ነበር። በሠርጋችን ሰሞን አክስቴ «ደብተራ ነው እንዴ ያገባኸው?» ብላ ስታላግጥ፣ ቀና ሳትዪ «ደብተራማ ብሆን ድግሱን ጨርሼ እሄድ ነበር» አልሻት።

ዓመቱን ሙሉ ሳስበው እንዲህ መሰለኝ። ሰው ሲያረጅ እፍኙ ያንሳል። የተወቃ ጤፍ ከሆነ በጣቶቹ መሃል ይፈስሳል። ነዶ ከሆነ ግን ያው ያረጀ እጅ ያነሣዋል። ግእዙ ላንቺ በልጅነትሽ የታሰረ ነዶ ነበር። ለእኔ ግን የተበተነ ድምፅ ነው። ታዲያ ያንን በዚህ እጄ ላይ አኖርሽው።

የራስሽ ጉባኤ ቃና። ሁለት ቤት፣ ሁለት ስንኝ ቅኔ ብቻ። ሴት ማኅሌት ቆማ ቅኔ አታቀርብምና «ለሙት ዓመቴ ወንድሜ ይበልልኝ» አልሽ። ልጽፈው ብዕር ሳነሣ ከለከልሽኝ። «አስቀድሞ የታየ ቅኔ ያደረ ቅኔ ነው። እስከ ዋዜማው ለማንም እንዳትነግር።» ስታጠብ አልኩት። ደጅ ስጠርግ አልኩት። ከሞጣ ወደ ብቸና ስመጣ፣ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሴት ከንፈሬን አይተው «አባ፣ መነኩሴ ነዎት?» አሉኝ። ራሴን ብቻ ነቀነቅኩ። መልስ ብሰጥ የሚፈስስብኝ መሰለኝ። አዎ ያልኩ መስሏቸው እስክንወርድ ድረስ «ይባርኩኝ» ሲሉኝ ነበር።

ዛሬ ከሰዓት ለወንድምሽ ነገርኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። «ጋሼ፣ እስቲ ይድገሙልኝ» አለ። ደገምኩ። በዜማ ለካው። ከዚያ «የመጀመሪያው ቤት ሙሉ ነው። ሁለተኛው መሃሉ ላይ ጎድሏል። የወደቀ ቃል አለ» አለኝ።

የት እንደወደቀ አላውቅም፣ ጥሩዬ። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ሲጎድል ይሰማዋል። ለእኔ ጎዶሎውም ሙሉውም አንድ ድምፅ ነው። ምናልባት በክረምቱ ጠፍቶ ይሆናል። ምናልባትም ደክሞሽ ስለነበር አንቺው ዘለሽው ይሆን? እንዲህ ማሰቤን ይቅር በዪኝ።

«እኔ ልሙላው» አለ ወንድምሽ። «የእህቴን መንገድ አውቀዋለሁ። ማንም አይለየውም።»

«እኔ እለየዋለሁ።»

«ግእዝ ሳያውቁ?»

«ሳላውቅ።»

«ጎዶሎ ቅኔ ይዤ ብቆም፣ ጋሼ፣ ሊቃውንቱ የሚስቁት በእሷ ነው።»

እውነቱን ነው። ከአጥር ወዲያ ሆነሽ የያዝሽው ሁሉ ሊያስከብርሽ የሚችለው በዚህች አንድ ቀን ነው። ግን ከተሞላ፣ የቀረኝ ያንቺ ቃል የት ላይ እንደሚያበቃ ከእንግዲህ ማን ይነግረኛል? «እንዳለ በልልኝ» አልኩት። ድምፄ ልመና ነበር። እሺም እንቢም አላለኝም።

ጥሩዬ፣ እሱ ቢሞላውም ባይሞላውም እኔ የምይዘው የያዝኩትን ነው። ከነጎዶሎው። ጨው ብረሳ፣ የገዛ ስልኬን ቁጥር ብረሳ፣ አፌ እስከታዘዘልኝ ድረስ በየጠዋቱ እለዋለሁ። ቃሌ ነው።

አሁን ሊመሽ ነው። ወንድምሽ ለማኅሌት ሻሹን ጠምጥሟል፤ መቋሚያውን አንሥቷል። የበሩ ደፍ ላይ ቆም ብሎ አየኝ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ቅኔሽን እያለው ነው። ጆሮዬን ጣል አደረግሁ።

ሁለተኛው ቤት መሃል ላይ ሳይደርስ በሩ ተዘጋ።