ቅርፊት የሌለው ዓሣ

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ገዳሙ አንሙት፣
ድሬዳዋ።

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበትህልኝ? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ያ ወገብህ ተሻለው ወይስ ክፍል ውስጥ ቆመህ ስታስተምር ስትውል ዛሬም ያምሃል? ባለቤትህ ትሕትናስ እንደምን አለች? ልጆቹስ ያ ሳል ለቀቃቸው? እኔ፣ ባለቤቴ ሙሉቀንና ልጆቻችን ከአንተ ናፍቆት በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነን። ስለ አባታችን ግን «ደኅና ናቸው» ብዬ ማለፍ አልቻልሁም። ይህ የጀመርሁት ሦስተኛው ወረቀት ነው፤ ሁለቱን ቀድጃቸዋለሁ።

አባታችን ጥር ላይ ሳንባቸውን ታመው መድኃኒት መጀመራቸውን ጽፌልህ ነበር። ሐኪሙ ክኒኑ ኃይለኛ ስለ ሆነ ወተትና እንቁላል ካላገኙ ሰውነታቸው እንደማይችለው ደጋግሞ አስጠንቅቆኛል። ላማችን በወለደች ሰሞን ነበርና ደስ ብሎኝ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ሁዳዴ ገባ። የንስሐ አባታችን አባ ወልደ ሩፋኤል ቤት ድረስ መጥተው «መሪጌታ፣ በሽተኛ ጾም የለበትም፤ እኔ ፈትቼዎታለሁ፣ ወተቱን ይጠጡ» አሏቸው። አባታችንን ታውቃቸው የለ! «ስድሳ ዓመት የጾምሁትን ሁዳዴ ለአንድ ኩባያ ወተት አልሸጠውም» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። በሳምንቱ ደግፈን የምናነሣቸው ሆኑ። ክኒኑን ይውጡታል፣ ወዲያው ይመልሱታል። እግራቸው ላይ ወድቄ ስለምናቸው፣ «ዓሣ ቢሆን እንኳ ደግ፤ እኔ በተማርሁበት ጉባኤ መምህራችን በጾም ይፈቅዱት ነበር» አሉኝ።

ደምበጫ ላይ ዓሣ ከየት ይመጣል? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ዓሣ ያየሁት ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ነው። ሙሉቀን እርሻ ላይ ስለ ነበር በቅድስት ማግስት ብቻዬን አውቶቡስ ተሳፍሬ ባሕር ዳር ሄድሁ። ጣናን ሳየው መጀመሪያ ገረመኝ፣ ቀጥሎ ፈራሁት። ማዶው አይታይም እኮ! ዳር ዳሩን ብዞር የሚሸጥ ዓሣ አጣሁ፤ ሁለት ቀን ነፋስ ሰንብቶ ኖሮ የተገኘችዋን ሁሉ ነጋዴ ጠራርጎ ወስዷታል። ደምለው የሚባል፣ በፊት ወታደር የነበረ ዓሣ አስጋሪ ብለምነው፣ ጓደኛውን ወባ ስለ ጣለው መረቡን አብሮ የሚያነሣ ሰው እንደሌለው ነገረኝ። እኔ አነሣልሃለሁ አልሁት። ሳቀብኝ። አለቀስሁበት። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ይዞኝ ገባ።

ታንኳ የሚሉት የደንገል ነዶ ነው፤ እንጨት እንኳ የለበትም። ውሃው ከሥር እየገባ ቀሚሴን ያርሰዋል፤ እኔ የማርያምን ስም እየጠራሁ ነው። መረቡ ላይ ስንደርስ «ሳቢ» አለኝ። ሳብሁ። ከበደኝ። ጎንበስ ብዬ አጥብቄ ስስብ ራሴን ውሃ ውስጥ አገኘሁት። ጋሼ፣ እኔ የት አገሬ ዋና አውቄ! አንድ ሁለቴ ጠጣሁ፤ ልጆቼ ፊቴ ላይ ድቅን አሉብኝ። ደምለው በመቀነቴ ይዞ ጎትቶ አወጣኝ። ይህን ለአባታችንም ለሙሉቀንም አልተናገርሁም፤ ላንተ ብቻ ነው።

ዳር ስንወጣ ሁለት ዓይነት ዓሣ ዘረገፈና ምረጪ አለኝ። አንደኛው ቆሮሶ ነው፤ ቅርፊታም፣ አጥንታም። ሌላው አምባዛ ይባላል፤ እንደ ድመት ጢም አለው፣ ቆዳው ልሙጥ፣ ሥጋው ወፍራም ነው። እኔ ያሰብሁት የአባታችንን ጉሮሮ ነው። አጥንት ቢሰነቀርባቸውስ ብዬ ልሙጡን መረጥሁ። ለበሽተኛ መሆኑን ነገርሁት እንጂ በሽተኛው መሪጌታ መሆናቸውን አልነገርሁትም፤ አሁን ሳስበው፣ ቢያውቅ ኖሮ ከአምባዛው ይመልሰኝ ነበር። ዘልዝሎ፣ በጨው አሽቶ አደረቀልኝና ሳምንት ሳይሞላኝ ቤቴ ገባሁ።

ሽንኩርቱን በኑግ ዘይት አቁላልቼ ሾርባ ሠራሁላቸው። ወደዱት። ክኒኑም ሆዳቸው ውስጥ መቀመጥ ጀመረ። በሁለት ሳምንት ውስጥ በገዛ እግራቸው ደጅ ወጥተው ፀሐይ ሞቁ፤ ተማሪዎቻቸውንም አስጠሩ። እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው ይባል የለ!

ከደብረ ዘይት ማግስት፣ ሰኞ ዕለት፣ ሾርባውን አቀብያቸው ቆሜያለሁ። ለተማሪዎቹ የኦሪትን ሕግ እያስረዱ፣ «በውሃ ከሚኖረው ክንፍና ቅርፊት ያለው ይበላል፤ ቅርፊት የሌለው ግን ርኩስ ነው፣ አይነካም» አሉ። ይህን ብለው ከሳሕኑ ተጎነጩ። ጓዳ ገብቼ የተረፈውን ቋንጣ እያገላበጥሁ አየሁት፤ ምን ይታየኛል፣ ልሙጥ እንደ ነበረ መቼ ጠፋኝ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስሁት ግን የሚለቀም አልሆነም።

ከዚያ ወዲህ ዓሣው አለቀ ብዬ ሽሮ ነው የማቀርብላቸው። በሦስት ቀን እንደገና ደግፈን የምናነሣቸው ሆኑ፤ ዛሬ ጧት ክኒኑን መለሱት። እንቅልፍ ባይኔ አልዞር ብሏል። ብነግራቸው በጸጸት እህል ውሃ አልቀምስም ይሉና ይሞቱብኛል። ባልነግራቸው ደግሞ ለፋሲካ ሊቆርቡ እየተዘጋጁ ነው፤ ይህን ሳይናዘዙ ቢቆርቡ ኃጢአቱ በማን አንገት ነው? ለአባ ወልደ ሩፋኤል ልናገር ሁለት ጊዜ ደጃፋቸው ደርሼ ተመለስሁ። አንተ ትልቃችን ነህና ምን ይሻለኛል ልልህ ነበር የተነሣሁት። ነገር ግን ደብዳቤው ደርሶህ መልስህ እስኪመጣ ፋሲካ ያልፋል።

አባታችን ደግሞ እንደ ልማዳቸው ምርቃታቸውን በእጃቸው ሳይጽፉበት ደብዳቤ እንዲታሸግ አይፈልጉም። ይኸው ከደጅ «አልጨረስሽም? አምጪው እንጂ» እያሉኝ ነው። ሌላ ወረቀት ጽፌ ይህን ልደብቀው አሰብሁ፤ አቃተኝ። በአፌ መናገር ያልቻልሁትን ያንብቡት። ፈርቻለሁ፣ ጋሼ።

ትሕትናን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። በላቸውን በትምህርቱ እንዲበረታ ንገርልኝ፤ ትንሿን ይመኙሻልን አክስትሽ ናፍቃሻለች በልልኝ። ሙሉቀን ከመሬት ዝቅ ብሎ እጅ ይነሣሃል፤ ልጆቼም ጉልበትህን ይስማሉ።

እኅትህ ዓይናዲስ አንሙት
ደምበጫ፣ መጋቢት ፳፭ ቀን ፲፱፻፹፱ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለገዳሙ። የቅዱሳን አምላክ አንተንም ቤትህንም ይባርክ። የእኅትህን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የዓሣውን ነገር ከአባ ወልደ ሩፋኤል ጋር እጨርሰዋለሁ፤ ሳላውቅ መብላቴን እግዚአብሔር ያውቃል። ያስደነገጠኝ ግን ውሃ ውስጥ መውደቋ ነው። እኔ ወተት እንቢ ብል ልጄን ሐይቅ ሊበላብኝ ነበር። ጓዳ ተደብቃ ታለቅሳለች። ጠርቻት ዳግመኛ ውሃ አጠገብ እንዳትደርስ ገዝቻታለሁ፤ ወተቱንም አምጪ ብያታለሁ።

አባትህ መሪጌታ አንሙት