ሰማንያ አምስት ስላገኘው አባቴና ሃምሳ ስላገኘው ፈረሳችን

ለተከበሩ የአካል ማገገሚያ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ፣ ከነቀኝ እጅዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከአንዳችን በቀር ደህና ነን፤ እሱም ቢሆን በእርስዎ ወረቀት ደህና ነው።

እኔ ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ የጎበኘሁ፣ አምቦ ላይ ጋሪ የምነዳ የኦቦ ነጋሳ ልጅ ነኝ። ጋሪው የአባቴ ነበር፤ ከስድስት ወር በፊት ስትሮክ መትቶት ቀኝ ጎኑ ሲዝል ልጓሙ ለእኔ ደረሰ። ክፍልዎ በሳምንት ሁለት ቀን ፊዚዮቴራፒ ሲያሠራው ቆይቶ ባለፈው ወር ራሱን መቻሉን በቅጽ ለክቶ ከመቶ ሰማንያ አምስት ስለሰጠውና «አገግሟል» ብሎ ስላሰናበተው፣ ቤታችን እንዲህ ያለ ማርክ ገብቶ ስለማያውቅ ምስጋናችን ወሰን የለውም። ጥቂት ቅሬታ ግን አትጠፋም።

አንደኛ፤ ለኪዎ አቶ ተድላ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ እየሰማ፣ «ኦቦ፣ እንዴት ነዎት? በራስዎ ይበላሉ አይደል?» ብለው ስለጠየቁት እናመሰግናለን። አባቴም «ፈያዳ፣ ገለተ ዋቃ! ደህና ነኝ፣ ምን ጎድሎኝ!» አለ። ክቡር ሆይ፣ አፉ ተጣሞ በተኛበት ቀንም ለጠያቂ የመለሰው ይህንኑ ነው። አቶ ተድላ ሰላምታውን ተቀብለው ቅጹ ውስጥ «መመገብ» በሚለው መስመር ላይ አሥር ሞሉበት።

ሁለተኛ፤ ያ ቀኝ እጁ እንጀራ አይጠቀልልም። ጣቶቹ እንጀራው ላይ ያርፋሉ እንጂ አይሰበሰቡም፤ በግራ እጅ ከሰው ማዕድ መቁረስ ደግሞ ለእሱ ነውር ነው። ድሮ ያለ እሱ ሽምግልና አይቋጭም ነበር፤ ዛሬ በተጠራበት «ቤቴ በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል፣ ቤት ሲገባ «እዚያ አብልተውኛል» ይለናል። እናቴ ዱሬቲ «ሁለት ቤት የሚበላ ሰው ቀበቶው ላይ ቀዳዳ የሚጨምረው ለምንድን ነው?» ብላ ብትሞግተው ቀበቶውን አጥብቆ ወጣ። አንድ ቀን ወደ ግድግዳ ዞሮ በግራው ሲበላ አገኘሁት። ሰፈሩ በምላሴ ነው የሚያውቀኝ፤ ያን ቀን ግን በሩን ቀስ ብዬ መልሼ ወጣሁ።

ሦስተኛ፤ ቅጽዎን ስለወደድኩት ፈረሳችንን ዳማን ለካሁበት። መብላት አሥር፣ ከተኛበት መነሣት አሥራ አምስት፣ መራመድ አሥራ አምስት፣ ደረጃ መውጣት አሥር፤ ሃምሳ አገኘ። ልብስ ራሱ ቢለብስማ ይህን ጊዜ እሱንም አሰናብታችሁት ነበር። በአባቴና በዳማ መካከል ያለው ሠላሳ አምስት ነጥብና አንድ እፍረት ነው፤ ለእፍረት ግን ቅጽዎ መስመር የለውም።

ልመናችን አጭር ነው። የፊዚዮቴራፒ ስፖርቱ ይመለስለት፤ ሐኪሙ ራሱ «ዓመት ካለፈው ጣት እየከበደ ይሄዳል» ብሎናል፣ እኛም ግማሹን ጨርሰናል። አቶ ተድላም ዳግም ሲለኩት ከፊቱ እንጀራ ያስቀምጡ፣ ምንም አይጠይቁት፣ እጁን ብቻ ይዩ።

ከልኬትዎ በታች ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣ የሰማንያ አምስቱ ልጅ፣ የሃምሳው ባለልጓም፣
ጋዲሳ ነጋሳ
አምቦ፣ ጥር 2004 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ዳማ ደረጃ መውጣቱን ያረጋገጥኩት ማክሰኞ ማለዳ በክፍልዎ መግቢያ ላይ ነው። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ያገኙት ነገር ማስረጃ እንጂ ስድብ አይደለም። «ሰገራውን ይቆጣጠራል» በሚለው ላይ ዜሮ ሰጥቼዋለሁ፤ እኛ በዓይናችን ያላየነውን ነጥብ አንሞላም።