በመጋረጃው ጀርባ ስለነበረው ጃኬት

ለተከበሩ የ«ጣዎስ» አድናቂዎች ማኅበር መሥራችና ሊቀመንበር፣ ለገበያ ሚዛኖች ተቆጣጣሪ፣ እግረ መንገዱንም ለታላቅ ወንድሜ፤

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎን ደረጃ እንዳይፈትነው፣ ጉሮሮዎን የቅዳሜ ስብሰባ እንዳያደርቀው፣ ይልቁንም መላው ማኅበር የሚሰማበትን ጆሮዎን ብርድ እንዳይመታው ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከደረጃው ሥር ባለችው የልብስ ስፌት ሱቄ ደህና ነኝ። «እርስዎ» እያልኩ መጻፌ እንዳይገርምዎ። ከአንድ እናት ጡት ጠብተን፣ አንድ ብርድ ልብስ እየተጓተትን ያደግን ብንሆንም፣ ከማኅበሩ መሰናበቴን የገለጹልኝ ማኅተም ባረፈበት ወረቀት «እርስዎ» ብለው ስለሆነ፣ ክብርን በክብር መመለስ ይገባል ብዬ ነው። ግልጽ ደብዳቤ መሆኑም ከእርስዎ የተማርኩት ነው፤ የእርስዎ ደብዳቤ እኔ ዘንድ የደረሰው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ ሰፈሩ ሁሉ ካነበበው በኋላ ነበርና፣ ይህንንም በዚያው ሰሌዳ፣ በራሴ ስፒል ሰክቼዋለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ መንገደኛ ባጭሩ ላስረዳ። ጣዎስ የምንለው ሰው የሮክ ጊታር ተጫዋች ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ትከሻው ላይ ከሚደረደረው ላባ ነው። መድረክ ላይ ሲወጣ ጊታሩን ወደ ጀርባው አዙሮ ይመታል፣ ተንበርክኮ ይመታል፣ ሲብስበትም በጥርሱ ይመታል፤ ሱሪው ላይ የተሰፉት ትንንሽ መስታወቶች መብራቱን እየመለሱ የፊተኛውን ረድፍ ዓይን ያጭበረብራሉ። ላባውንም መስታወቱንም ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት የሰፋሁት እኔ ነኝ። አድናቂዎቹ አርባ ሦስት ነን (አሁን አርባ ሁለት ናቸው)፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛው የኋላ ክፍል፣ የመንገድ ምልክቶች በተሰቀሉበት ግድግዳ ሥር ይሰበሰባሉ። ሰውየውን በመውደድ ሁሉም ይስማማሉ፤ ለምን እንደሚወዱት ሲጠየቁ ግን ዓይንና ናጫ ናቸው። በእርስዎ የሚመራው የጣት ወገን «ሰውየው ሊቅ ነው፣ አለባበሱ ግን ያሳፍራል» ይላል። የካባ ወገን ደግሞ «ጣትማ ማንም አለው፤ እንዲህ አድርጎ መድረክ የሚሞላ ግን የት ይገኛል?» ይላል። የጣት ወገን በመስኮቱ በኩል፣ የካባ ወገን በበሩ በኩል ይቀመጣል፤ እኔ ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ መሐል እቀመጥ ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፤ ስለ አንቀጽ አራት አመሰግናለሁ። «በስብሰባ ላይ የጣዎስን ልብስ ያነሳ አባል በሚቀጥለው ስብሰባ አፉን ዘግቶ ይቀመጣል» የሚለው ይህ ድንጋጌ ማኅበሩን ምን ያህል እንዳረጋጋው ምስክር ነኝ። የአውቶቡስ ሾፌሩ፣ ያ ቀኑን ሙሉ አንዱን መንገድ ሲመላለስ ውሎ ቅዳሜ የሚያብለጨልጭ ነገር ማየት የሚናፍቀው የካባ ወገን፣ «ካፖርቴን አውቶቡሱ ውስጥ ረሳሁ» በማለቱ ብቻ አንድ ስብሰባ በዝምታ ተቀጥቷል። በአንጻሩ የጥርስ ሐኪሙ፣ የጣት ወገን ዓምድ፣ ጣዎስ ክሩን በጥርሱ ሲመታ በባለሙያ ዓይን እንደሚያንገሸግሸው ገልጾ «ጥርስ ጣት አይደለምና ከቁጥር ይውጣ» ሲል ሐሳቡ በጭብጨባ ጸድቋል። ከዚያም እርስዎ የነጋዴውን ሚዛን በሚመረምሩበት ጥንቃቄ የሩጫ መቁጠሪያ ሰዓት ይዘው መጥተው ጣዎስ በሰከንድ አሥራ አንድ ድምፅ እንደሚያወጣ ሲያረጋግጡልን፣ እኔ አፌ ተከፈተ። ዘጠኝ ዓመት ሳደምጠው አንድም ቀን ለመቁጠር አለማሰቤ አሳፈረኝ።

ሁለተኛ፤ ክርክሩን ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ ለመቋጨት ስላዘጋጁት የመጋረጃ ፈተና እጅ እነሳለሁ። ጣዎስ ተሸፍኖ ቢጫወት ዓይን ሥራ ይፈታል፣ ጆሮ ብቻ ይፈርዳል ማለትዎ ብልህ ሐሳብ ነበር፤ ብርሃን የማያሳልፍ ጥቁር ጨርቅ አስመጥተው መጋረጃውን ለእኔው ማሰፋትዎ ደግሞ ከብልህነትም ያለፈ ወንድማዊ ቀልድ ነበር። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ጣዎስም ጭቅጭቁ ሰልችቶት «እሺ፣ ይለይልኝ» አለ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ሁላችሁም በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ስትቀመጡ፣ የመጋረጃው ዘንግ በአንድ በኩል ጎብጦ ስለነበር ከጀርባ ሆኜ ጫፉን እንድይዝ ያዘዙኝ እርስዎ ነዎት። ስለዚህ እዚያ የሆነውን ያየሁ ብቸኛዋ ሰው እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬም ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ።

ክቡር ሊቀመንበር፣ ጣዎስ የመጣው ግራጫ ሹራብ ለብሶ፣ የንባብ መነጽሩን አድርጎ ነበር። የሚያየው ስለሌለ ለማን ይልበስ? ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ጊታሩን ጭኑ ላይ አስደገፈ፣ ጀመረ። ሁለት ጊዜ አጀማመሩን ሳተ፤ በሦስተኛው ገባበት፣ ግን መሐል ላይ ጠፋበት። ከመጋረጃው ማዶ የጥርስ ሐኪሙ «አዲስ ስልት ነው፣ ሆን ብሎ ነው» ብሎ ለጎረቤቱ ሲያስረዳ፣ የአውቶቡስ ሾፌሩም ሲያዛጋ ይሰማኛል። ሁለተኛው ዜማ ከፊተኛው የባሰ ሆነ። ጣዎስ ወደ እኔ ዞሮ፣ ግንባሩን ላብ አጥምቆት፣ «እትዬ፣ ይህ እጅ የማን እንደሆነ አላውቀውም» አለኝ በሹክሹክታ። በሕይወቴ ብዙ ሰው ራቁቱን ለክቼ አውቃለሁ፤ እንደዚያን ቀን የተራቆተ ሰው ግን አላየሁም።

በቦርሳዬ ውስጥ ገና ያላለቀ ጃኬት ነበር፤ ከፈተናው በኋላ ልለካው ነበር ያመጣሁት። ላባው ባንዱ ትከሻ ብቻ፣ ገበር የሌለው፣ በስፒል ብቻ የተያያዘ። አወጣሁት። «ስፒል አለበት» አልኩት። «ይውጋኝ» አለኝ። መነጽሩን አወለቀ፣ ለበሰ፣ ወንበሩን በእግሩ ገፍቶ ተነሳ። ከዚያ በኋላ የሰማችሁትን እኔ መልሼ ልነግራችሁ አልችልም፤ እኔ ያየሁትን ግን ልንገራችሁ። ማንም እንደማያየው እያወቀ ጊታሩን ወደ ጀርባው አዞረ፤ ማንም እንደማያየው እያወቀ ተንበረከከ፤ ላባው መሬት ላይ ተበተነ፣ ስፒል ክንዱን ወግቶት በእጅጌው ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ደም ወጣች። የጥርስ ሐኪሙ ከወንበሩ ዘሎ «ይህ ነው ንጹሕ ጣት!» ብሎ በጮኸባት በዚያች ቅጽበት፣ ከሙሉ አክብሮት ጋር፣ ጣዎስ ክሩን የሚመታው በጥርሱ ነበር።

አዳራሹ ሲናወጥ ጣዎስ ጃኬቱን አውልቆ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተና «ተይ እትዬ፣ ለዛሬ ደስ ይበላቸው» ብሎ ለመነኝ። መጋረጃው ሲከፈት ግራጫ ሹራብ የለበሰ መነጽራም ሰው አያችሁ። እርስዎም «ተረጋገጠ! ጣት ብቻ፣ ያለ ምንም ጨርቅ!» ብለው አወጁ። የካባ ወገን አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የተባለው ለካ ስለ ማኅበራችን ነው።

ሦስተኛ፤ በድሉ ስብሰባ ላይ ስለ ሙያዬ ለሰጡት ማብራሪያ ባለዕዳ ነኝ። እዚያ የመጣሁት መጋረጃዬን ልወስድ ነበር። እርስዎ ግን በአርባ ሁለት ሰው ፊት ወደ እኔ እያመለከቱ «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ሰው በጨርቅ ጠቅልለሽ ደብቀሽብን ኖረሻል፤ ያንቺ ሥራ መጠቅለያ ነው» አሉኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላልና፣ ያመለጠዎት መሆኑን ለማመን ሞክሬ ነበር፤ በማግስቱ ግን ማኅተሙ መጣ። ሱቄ ገብቼ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት አራት ጊዜ ሞክሬ አቃተኝ። ዓይኔ ደክሞ አይደለም። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ እናታችን ዘንድ እኔ በልቼ ስወጣ እርስዎ ይገባሉ፤ አሮጊቷ ለሁለት ልጆቿ ሁለት ጊዜ ምሳ ታቀርባለች፣ ሰሃኑንም ሁለት ጊዜ ታጥባለች፤ ከማን ወገን እንደሆነች ስጠይቃት «ከተራበው» አለችኝ።

ዝምታዬን የሰበርኩት ግን ለራሴ ብዬ አይደለም። ባለፈው ማክሰኞ ጣዎስ ሱቄ መጥቶ የልብስ መተኮሻው አጠገብ ባለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ከእንግዲህ ዘወትር በሹራብ እንዲጫወት ከማኅበሩ የተጻፈለትን ጥያቄ አሳየኝ። ክብርዎን ለመጠበቅ ብሎ አሥር ቀን ሙሉ ቤቱ ውስጥ በሹራብ ሲለማመድ እንደሰነበተ፣ እጁም እንደዚያ እሁድ መጀመሪያ አልታዘዝ እንዳለው፣ ጊታሩን ሣጥኑ ውስጥ ቆልፎ የአጎቱን የቀለም ሱቅ ሊጠብቅ እንዳሰበ ነገረኝ። «ጋሼ ይወዱኛል፤ ግን የሚወዱኝ እኔ በሌለሁበት ቦታ ነው» አለ ስለ እርስዎ። ይህን ሁሉ እንድጽፍ የፈቀደልኝ እሱ ነው።

አራተኛ፤ ይህ ቅሬታ አይደለም፣ ከቁጥር ውጭ መሆን ነበረበት። መጋረጃውን ስሰፋ በአንዱ መጋጠሚያ ላይ ጣት የምታህል ቀዳዳ ትቼ ነበር፤ ሰፊ ሆኜ የሰፋሁትን ከጀርባው ሳላይ አላድርም። ጣዎስ ጃኬቱን ለብሶ ሲመታ በእሷ አየሁዎት። የሩጫ ሰዓቱ በእጅዎ ላይ ይቆጥራል፤ እርስዎ ግን አልቆጠሩም። ዓይንዎን ጨፍነው፣ አፍዎን ከፍተው፣ ጫማዎ ወለሉን እየመታ ነበር። በቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው «በሰከንድ አሥራ ሦስት ድምፅ» ከየትኛው ሚዛን እንደተነበበ አልጠይቅም፤ ተቆጣጣሪን ማን ይቆጣጠራል?

ይልቅ ያ ፊት የት እንደማውቀው ሳስብ ሰነበትኩ። እርስዎ አሥራ ሁለት፣ እኔ ሰባት ዓመታችን ነበር። የሠራተኞች ክበብ ውስጥ ባንድ ሲጫወት፣ መግባት ስላልተፈቀደልን ከውጭ ግድግዳው ሥር ቆመን፣ ትከሻዎ ላይ አስቀምጠውኝ በመስኮቱ አሾልቄ እመለከት ነበር። እርስዎ ከሥር ሆነው መስማት እንጂ ማየት አይችሉም። ታዲያ በየዜማው መሐል ቁርጭምጭሚቴን እየጎተቱ «አሁንስ ምን ለብሷል?» ይሉኝ ነበር። «ቀይ፣ ቁልፉ የሚያብለጨልጭ» ስልዎ «አወቅኩት፣ ቀይ ቀይ ይላል ድምፁ» አሉ። እኔ ልብስ ሰፊ የሆንኩት በዚያ ትከሻ ላይ ነው፣ ጋሼ። እርስዎ መቼ አንቀጽ አራት እንደሆኑ አላወቅሁም።

ስለዚህ በትሕትና የማሳውቀው፣ ጣዎስ የፊታችን ቅዳሜ ወደ ማሠልጠኛው የኋላ ክፍል እንደሚመጣ ነው። ጃኬቱ አልቋል፤ ላባው በሁለቱም ትከሻ ነው፣ ስፒልም የለበትም። መጋረጃ አያስፈልግም፤ መጋረጃ የሚሻ አባል ካለ ተፈጥሮ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት የዓይን ቆብ ሰጥታዋለች፣ በራሱ ውሳኔ ይጨፍን። እኔ አባል ስላልሆንኩ ከበሩ ውጭ ቆሜ አዳምጣለሁ፤ በሩን ማን ከፍቶ እንደሚተው ለሊቀመንበሩ ህሊና ትቻለሁ።

ረጅም ዕድሜ፣ ቀና ሚዛን፣ ከሁሉም በላይ ለራሱ ባዳ ያልሆነ ጆሮ እየተመኘሁ፣ በድሮው የአባልነት ቁጥር አሥራ ሁለት፣ በአሁኑ ቁጥር የለሽ፣ በየትኛውም ቁጥር ግን ብቸኛ እህትዎ ሆኜ እቀራለሁ፤

ከደረጃው ሥር፣ ልብስ ሰፊዋ

በድጋሚ፦ ለልጅዎ ሠርግ የሚለብሱት ሙሉ ልብስ፣ ከመኳረፋችን በፊት እንደጀመርኩት፣ አንድ እጅጌ ብቻ ይዞ መስቀያ ላይ ተሰቅሎ ይጠብቅዎታል። ሠርጉ ሁለት ሳምንት ስለቀረው ረቡዕ ከሥራ መልስ ብቅ ይበሉ፤ በር ላይ ቆሞ መላላክ አይሠራም፣ እንደገና መለካት አለብዎ። በባለፈው ዓመት ልኬት ልጨርሰው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ትናንት ሱቄን ላለማየት በመንገዱ ማዶ በኩል በጎንዎ ሲያልፉ ሳይዎ፣ ወገብን በተመለከተ ሕዝቡን ትክክለኛ መስፈሪያ የሚያስተምሩት ክቡር ተቆጣጣሪ ስድስት ሴንቲሜትር ያህል ሳያሳውቁ መጨመራቸውን ተረድቻለሁ።