ሐሙስ ሐሙስ ማር የነበሩት አባታችን

አባታችን በ1941 ዓ.ም. ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ቁልፍ በመትከል ባላቸውን ያግዙ ከነበሩት እናታቸው፣ ከስፌት ቤቱ ጀርባ ባለችው አንዲት ክፍል ተወለዱ። ከስድስት ልጆች አራተኛው ነበሩ። አያታችን ዓይናቸውን ከመርፌው ስለማያነሱ ጋዜጣውንም መጽሐፉንም የሚያነብላቸው ይኸው አራተኛ ልጃቸው ነበር። የስፌት መኪናው ሲንኳኳ የሰው ድምፅ ስለማያሰማ፣ አባታችን ንባብን የተማሩት በመርገጫው ልክ ነው፤ መኪናው ሲሮጥ ትንፋሽ መሰብሰብ፣ ሲቆም ማንበብ። አያታችን ልጃቸውን «ጎበዝ» ብለው አያውቁም። ንባቡ ደስ ያላቸው እንደሆነ እግራቸውን ከመርገጫው ላይ አንስተው ያዳምጡ ነበር። ሙገሳው ያ ነበር፤ አባታችንም ሙገሳ ማለት ያ ብቻ እንደሆነ ይዘው አደጉ።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እንደጨረሱ፣ በ1963 ዓ.ም. በሬዲዮ ጣቢያ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ። አንድ ቀን ማስታወቂያ አንባቢው ጉንፋን ጥሎት ሲቀር «እስቲ አንተ ሞክረው» ተባሉ። ከዚያ ወዲያ ወደ መዝገብ ቤቱ የተመለሱት የረሱትን ኮት ለመውሰድ ብቻ ነው። ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ በ2001 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሐሙስ ማታውን የልብ ወለድ ትረካ ያነበቡት እሳቸው ነበሩ። የፍቅር መጽሐፍ ሲሆን ደግሞ ሌላ አንባቢ አይታሰብም ነበር።

በ1967 ዓ.ም. በሹራብ ፋብሪካ ትሠራ ከነበረችው እናታችን ጋር ተጋብተው ሦስት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። እናታችንን በዚህ ጽሑፍ ከእንግዲህ በአንቱታ እጠራቸዋለሁ፤ እቤት እንዲህ ስል ቢሰሙኝ ግን ራሳቸው ይስቁብኛል።

ለሟች በሚነበብ እንዲህ ባለ ጽሑፍ እዚህ ቦታ ላይ «ባለቤታቸውን አክባሪና አፍቃሪ ነበሩ» ይባላል። እኔም ሁለተኛ ልጃቸው ይህን ስጽፍ አስገብቼው ነበር። እናታችን ረቂቁን ተቀብለው እዚያ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። «አውጪው። እኔ ያኔ መች አውቅ ነበር?» አሉኝ። ሁለት ቀን እንቅልፍ ስላልነበረኝ አልተከራከርኩም። አወጣሁት።

ረቡዕ የቀረጻ ቀን ነበር። ረቡዕ ከንጋት ጀምሮ አባታችን ድምፃቸውን ለመቆጠብ አይናገሩም፤ አንገታቸውን በሻርፕ ጠቅልለው፣ ለብ ያለ ውሃ በብርጭቆ ይዘው ከክፍል ክፍል ይዞራሉ። ጨው ቢያንሳቸው በጣት ያመለክታሉ። እኛ ልጆች በእግር ጣታችን እንሄዳለን። ችግሩ፣ የረቡዕ ዝምታ ቀስ እያለ ማክሰኞንም ሰኞንም ያዘ። ሐሙስ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ግን ያው ሰው በሬዲዮ ውስጥ ሆነው፣ ደራሲው የጻፈውን «ዓለሜ፣ አንቺ የሌለሽበት ቤት ቤት አይሆነኝም» እያሉ አገሩን ሁሉ ያስለቅሳሉ። እናታችን ሹራባቸውን ይዘው ሬዲዮው አጠገብ ይቀመጣሉ። አባታችን አንቴናውን አስተካክለው፣ ድምፁ ጥርት ማለቱን አረጋግጠው፣ ወደ ግቢ ይወጣሉ። «ሐሙስ ሐሙስ ማር፣ ሌላ ሌላው ቀን ሬት» የሚለውን ያወጡላቸው እናታችን ናቸው። ብዙ ጊዜ እየሳቁ ይሉት ነበር።

ክፉ ሰው አልነበሩም። የአራታችንንም ጫማ ማታ ጠርገው በር ሥር የሚደረድሩልን እሳቸው ነበሩ። እኛ ግን ልጆች ነበርንና ጫማ መጥረግ ምን ማለት እንደሆነ አላወቅንም።

የጎረቤት ሴቶች «ታድለሽ፤ እቤትማ ምን ምን ይልሽ ይሆን?» ይሏቸዋል። እናታችን ፈገግ ብለው ነገሩን ይውጡታል። በ1984 ዓ.ም. አንድ ረቡዕ መዋጡ ሰለቻቸው መሰለኝ፣ ከፋብሪካው ፈቃድ ጠይቀው፣ የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ለማንም ሳይናገሩ ወደ ጣቢያው ሄዱ። ባልደረቦቻቸው «ጆሮ» የሚሏቸው የቀረጻ ቴክኒሺያን፣ ዛሬም እዚህ መካከላችን ያሉት፣ ከመስታወቱ ጀርባ ወንበር ሰጧቸው። የዕለቱ ንባብ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ደርሶ ነበር፤ ከብዙ ዘመን በኋላ የተመለሰ ባል በር ላይ ቆሞ ለሚስቱ ያልነገራትን ሁሉ የሚነግርበት ገጽ ነው። አባታችን ቀና ሲሉ እናታችንን አዩ። ቆሙ። እንደገና ጀመሩ፤ እንደገና ቆሙ። «ጆሮ» እንደሚሉት በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ሲደናቀፉ የሰሙት ያን ቀን ብቻ ነው። በሦስተኛው መጽሐፉን ዘግተው፣ ማዳመጫውን አውልቀው፣ በሌላኛው በር ወጡ።

በዚያ ሐሙስ በትረካው ፈንታ ሙዚቃ ተላለፈ። እቤት ስለዚህ ነገር ማንም አንድ ቃል አልተናገረም። እናታችን «እኔን ሲያይ ቃሉ ከጠፋው፣ ለእኔ የሚሆን አይደለም ማለት ነው» ብለው ደመደሙ፤ ጣቢያውንም ዳግመኛ አልረገጡም። ከዚያ በኋላ ሐሙስ ማታ ሬዲዮውን ይከፍቱና ወደ ወጥ ቤት ይገቡ ነበር።

አባታችን በ2014 ዓ.ም. ድምፃቸው ይጎረንን ጀመር። ጉንፋን ነው፣ ብርድ ነው ሲባል ከርሞ፣ በ2015 ዓ.ም. በቀዶ ጥገና የድምፅ ሣጥናቸው ወጣ። ዕድሜ ልካቸውን የቆጠቡት ድምፅ እንዲያ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የሚናገሩት በትንሽ ደብተር ነበር። ደብተሩ እጄ ላይ ነው፤ እንዲህ ይላል፦ ውሃ። መስኮቱ። ትራሱን ከፍ። ማን መጣ? በሩን ቀስ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንገታቸው ላይ ያለውን ቀዳዳ እያጸዳን፣ ምግባቸውን እያደቀቅን፣ ፈረቃ ገብተን ኖርን። እንወዳቸው ነበር፤ ደክሞንም ነበር። ሁለቱ አንድ ላይ እንደሚሆኑ ያስታመመ ሁሉ ያውቀዋል።

ቀዶ ጥገናው በተደረገበት ዓመት አንድ ከሰዓት በኋላ እናታችን የአባታችንን የአንገት ጨርቅ እየቀየሩ፣ ስለ ጠፋ ማንኪያ እንደሚጠይቅ ሰው፣ «ያን ቀን ለምን አቋረጥክ?» አሏቸው። አባታችን የትኛው ቀን ብለው አልጠየቁም። ደብተሩን ተቀብለው ጻፉ፤ «ሌላ ሰው የጻፈውን ለአንቺ ማንበብ አሳፈረኝ። የራሴን ፈልጌ አጣሁ።»

እናታችን ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ሠላሳ አንድ ዓመት!» አሉ። «ካጣኸው ታዲያ ያንኑ ብታነብልኝ ምን ነበረበት? እኔ የማን ነው ብዬ እጠይቅህ ነበር?»

በማግሥቱ እናታችን ያንን መጽሐፍ ከመደርደሪያው አውርደው፣ አቧራውን ጠርገው፣ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጡ። ንባብ ብዙ አልገፉበትም፤ ቃል በቃል እየለቀሙ፣ አራት ነጥቡን እየዘለሉ ነው የሚያነቡት። አባታችን አንድ ማረፊያ በዘለሉ ቁጥር የአልጋውን እንጨት በጣታቸው ይመታሉ። «እሺ፣ በል አንተ አንብበው!» ይላሉ እናታችን። አባታችን ያለ ድምፅ ይስቃሉ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ይታያል። እንዲህ በቀን ሁለት ገጽ፣ ሕመሙ ሲብስ ግማሽ ገጽ፣ አንዳንዴም ሳምንታት እየታለፉ ተነበበ።

ባለፈው ወር ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ደረሱ። መድኃኒት ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። እናታችን ያንን የባልየውን ንግግር እየተሳሳቱ፣ እየደገሙ፣ ማረፊያውን ሁሉ እየዋጡ አነበቡት። እንጨቱ አልተመታም። እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎኝ ጠጋ ብዬ አየሁ። ዓይናቸው ተከፍቷል። ጣታቸውን ከእንጨቱ ላይ አንስተው ያዳምጡ ነበር።

አባታችን ባለፈው ማክሰኞ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ በተወለዱ በ76 ዓመታቸው ዐረፉ። ከመጽሐፉ አርባ ገጽ ቀርቷል። ባለቤታቸውን፣ አራት ልጆቻቸውንና ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። ያስታመሟቸውን፣ አብረዋቸው የሠሩትንና በሐሙስ ማታ ያዳመጧቸውን ሁሉ እናመሰግናለን። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ ለእኛም ለቀረነው ብርታቱን ይስጠን።

ይህን ሁሉ ዛሬ ጠዋት ለእናታችን አነበብኩላቸው። በረቂቁ ላይ ያስወጡኝን ዐረፍተ ነገር አልጠቀስኩም፤ ራሳቸው አነሱት። «አሁን ጻፊው። ግን ያንን ሰው ሁሉ ላይ የሚለጠፈውን አይደለም፤ በአጭሩ» አሉኝ። አባታችን እናታችንን ይወዱ ነበር።