ትሪው ሲመጣ እምቢ እንዳትይ

ለውድ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? ደረጃውን አሁንም ግድግዳ እየተደገፍሽ ነው የምትወጪው ወይስ ተሻለሽ? ስኳርሽስ እንዴት ነው፣ መርፌውን በሰዓቱ ትወጊያለሽ? አባባስ ደህና ናቸው? ሳላቸው በረደላቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም። ጤናዬም ሥራዬም ደህና ነው። እጄ ብቻ ከቀዝቃዛው ክፍል የተነሳ ትንሽ ይሰነጣጠቃል፤ እሱንም ቅባት እየቀባሁ አባብለዋለሁ።

መነጽርሽ እስኪጠገን ይህን የምታነብልሽ ታናሽ እህቴ ናት። እህት ዓለም፣ አደራሽን አንድም መስመር እንዳትዘይ፤ እማዬ ብታለቅስም እንዳታቆሚ። በስልክ ልነግራት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ ወደ ቀልድ አዙሬዋለሁ። ወረቀት ላይ ግን መሸሻ የለም።

ይህን ያስጻፈኝ እሁድ ዕለት እህቴ እየሳቀች የነገረችኝ ነገር ነው። ቲኬትሽ ከተቆረጠ ጀምሮ ጡረተኛው ጎረቤታችን በየጧቱ እየመጡ ስለ አውሮፕላን ያስተምሩሻል አሉ። እሳቸው ደግሞ በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ በረሩ፣ ይኸው ሃያ ዓመት ሙሉ አላረፉም! ሆድ አየር ላይ ይነፋል፣ መጸዳጃ ቤቱም አያስገባም አያስወጣም፣ ምንም አለመቅመስ ነው ብለው መከሩሽ። አንቺም እንግዲያው ሳልበላ ሳልጠጣ እደርሳለሁ፣ ለምን ሰው አስቸግራለሁ አልሽ። ይህን ስሰማ ስልኩን እንደያዝኩ አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ያንን ቃል ከዚህ በፊት አየር ላይ ሰምቼዋለሁ፣ እማዬ። የተናገሩት ሴትዮ እስከ ዛሬ አለቀቁኝም።

የዛሬ አራት ዓመት ወደዚህ ስመጣ ነው። ከአጠገቤ፣ በመስኮቱ በኩል፣ በአንቺ ዕድሜ ያሉ እናት ተቀመጡ። ስማቸውን አልጠየቅኳቸውም፤ እማማ ነበር የምላቸው። ስድስት ዓመት ያላዩትን ልጃቸውን ሊጠይቁ መሄዳቸው ነው። እግራቸው ሥር በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ አስቀምጠዋል፤ ለልጃቸው ነው። ቀበቶውን ማሰር ቢያቅታቸው አሰርኩላቸውና እስክንነሳ ድረስ መረቁኝ።

ከተነሳን በኋላ የምግቡ ሽታ ከወዲያኛው ጫፍ መጣ። እማማ ትንሽ ቦርሳ ይዘው ወደ መጸዳጃ ቤት ሄደው ተመለሱ። አስተናጋጇ ጋሪዋን እየገፋች ደረሰችና ዶሮ ይሻላቸዋል ወይስ ፓስታ ብላ ጠየቀቻቸው። ቋንቋውን ስለማያውቁት ወደ እኔ ዞሩ፤ ነገርኳቸው። ኧረ ተይው ልጄ፣ ደህና ነኝ፣ ለምን ሰው አስቸግራለሁ አሉ።

ይህ እምቢታ እንዳልሆነ ማን ያጣዋል? አንቺ ራስሽ ሰው ቤት ስትሄጂ ሁለቴ ጠግቤያለሁ ብለሽ በሦስተኛው ልመና አይደል እጅሽን የምትታጠቢው? እኔንም እንደዚያው ነው ያሳደግሽኝ። አንድ “በሞቴ” ይበቃቸው ነበር። ግን ያን ቀን አዲስ ጫማ አድርጌያለሁ፣ ኮርስ ገብቼ የተማርኩትን ቋንቋ የምሞክርበት ሰው አግኝቻለሁ፣ ቀልጣፋ መስዬ መታየት አማረኝ። ወደ አስተናጋጇ ዞሬ አይፈልጉም አልኳት። ውሃስ ብትል፣ እሱንም አይፈልጉም አልኩ፤ ውሃውን ሳልጠይቃቸው። ጋሪው አለፈ።

እኔ ዶሮዬን በላሁ። እማማ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ጋሪው የሄደበትን ያያሉ። ዓይን ለዓይን ስንጋጠም፣ ብዪ ልጄ፣ ይስማማሽ አሉኝ። አስተናጋጇ ተመልሳ የምትመጣ መስሏቸው ነበር። ሁለተኛውን ልመና እየጠበቁ ነበር።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ፊታቸው በላብ ታጠበ። ሞቋቸው ነው ብዬ ከላይ ያለውን የአየር ቀዳዳ ከፈትኩላቸው። ቆይተው በማላውቀው ስም ይጠሩኝ ጀመር፤ እንቅልፍ ላይ ናቸው ብዬ አቤት እያልኩ ዝም አሰኘኋቸው። ጭንቅላታቸው ትከሻዬ ላይ ወደቀ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ፤ አንቺን ያስጠጋሁ መስሎኝ ላለመቀስቀስ ትንፋሼን ዋጥኩ። እጃቸው እጅጌዬን ይዞ ነበር። ኋላ እጃቸውን ብነካው በረዶ ሆኗል፣ ርሷል። ያኔ ነው የጮህኩት።

ከመንገደኞቹ አንዷ ነርስ ነበረችና ቦርሳቸውን ከፈተች፤ የስኳር መርፌ አወጣች። ምግብ መቼ ነው የበሉት ብላ እኔን ጠየቀችኝ። እኔን። አልበሉም አልኩ። ስኳር በጣቷ እየጠቀሰች ድዳቸውን አሸችላቸው፤ አውሮፕላኑ እስኪያርፍ ድረስ አልነቁም። በቃሬዛ አወረዷቸው። ይዳኑ አይዳኑ አላወቅኩም፤ ስማቸውን ሳላውቅ ማንን ልጠይቅ? ነጩ ጥቅል ከወንበሩ ሥር ቀረ፤ ደፍሬ አልነካሁትም። እማዬ፣ መጸዳጃ ቤት የሄዱት መርፌያቸውን ሊወጉ ነበር። ሽታው ሲመጣ ማዕድ ደረሰ ብለው ነው። ሊበሉ አስበው ነበር።

እኔንም ዕጣዬ ወስዶ የአውሮፕላን ምግብ የሚሰናዳበት ቤት ቀጠረኝ፤ በሰው ሀገር ሥራ አይመረጥም። ጧት ትሪ እደረድራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ የተመለሰውን እያራገፍኩ ለእጥበት አቀርባለሁ። ክዳኑ ያልተነካ ትሪ ሲመጣ እጄ ይቆማል። የማን ነበር? እንቅልፍ ወስዶት ነው፣ ጠግቦ ነው፣ ወይስ የሚለምነው እየጠበቀ ነው? አለቃዬ፣ ልትጠነቁይበት ነው ወይ፣ ይልቅ አራግፊው ይለኛል። አራግፈዋለሁ። አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ጋ ያንቀላፋች እናት ካየሁ ፊቷን ሳላይ አልወርድም፤ ሁለት ፌርማታ ያለፈኝ ቀን ብዙ ነው። ቤቴም ብቻዬን ስበላ “ይስማማሽ” የሚለው ድምፅ ጆሮዬ ሥር ይመጣል። ሁለተኛ ሳህን ማቅረብ ለምጃለሁ። አብራኝ የምትኖረው ልብስ ሰፊ መጀመሪያ እንግዳ አለሽ ወይ ትለኝ ነበር፤ አሁን ዝም ብላ ሳህኑን ታነሳልኛለች።

ስለዚህ ስሚኝ፣ እማዬ። ለስኳር ሕመምተኛ የሚሆን ትሪ አስመዝግቤልሻለሁ። ከሰው ሁሉ ቀድሞ ነው የሚመጣው፤ ክዳኑ ላይ የወንበርሽ ቁጥር ይለጠፍበታል። አጠገብሽ ያለው ሳይቀርብለት ለእኔ ብቻ ብለሽ አፍረሽ እንዳትመልሺው፤ የእሱም ይደርሰዋል። ትሪው ፊትሽ ሳይቀመጥ መርፌውን እንዳትወጊ፤ ሽታው ስለመጣ ብቻ ማዕድ ደረሰ ማለት አይደለም። አየር ላይ ምላስ ስለሚደነዝዝ ምግቡ ላይ ጨው እናበዛበታለን፤ ጣዕም የለውም ብለሽ ሌላ እንዳትጨምሪበት። ውሃ ባየሽ ቁጥር ተቀበይ፤ ሻዩን ያለ ስኳር አንድ ሲኒ፣ ከዚያ በላይ አይሁን። ጋዝ ያለው መጠጥ ሆድ ይነፋል፤ በዚህስ ጡረተኛው አልተሳሳቱም፣ አመስግኚልኝ፣ ከዚህ ወዲያ ግን አያስተምሩ። መጸዳጃ ቤት ካሰኘሽ ጎረቤትሽን አስነሺው። ሰው ስለተነሳ አይሞትም።

ኪስሽ ውስጥ ከረሜላ ይኑር፤ ላብ ላብ ካለሽ ወይም ከተንቀጠቀጥሽ ማንንም ሳትጠይቂ አፍሽ ውስጥ አድርጊ። ለእኔ የጋገርሽውንም ዳቦ፣ ምግቡ ከዘገየብሽ ቁረሺና ብዪው። ጎደለ ብለሽ እንዳታፍሪ፤ እኔ የምፈልገው ጎዶሎውን ነው። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ቁራጭ ወረቀት አለ። በእነሱ ቋንቋ “ስኳር አለብኝ፤ ምግብም ውሃም እፈልጋለሁ” ይላል። ሳይጠይቁሽ አሳዪያቸው። ማስቸገር አይደለም።

ለአባባ ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በይልኝ፤ አንቺ በማትኖሪበት ሳምንት ሲጋራውን እንዳይነኩ፣ ሰላይ አለኝ። አናጢው ወንድሜን ሳጥንሽን አያክብደው በይልኝ። አክስቴን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። ጡረተኛውንም ከነትምህርታቸው ሰላም በይልኝ። አንቺ ደብዳቤ አንባቢዋ እህቴ፣ እዚህ ድረስ ሳትዘይ ከመጣሽ ዕዳሽ አለብኝ፤ የቀረውን ቀስ ብለሽ አንብቢላት።

እማዬ፣ እዚያ ላይ አንድ ጊዜ ነው የሚጠይቁት። ክፋት አይደለም፣ እንደዚያ ነው የለመዱት። “በሞቴ” የሚልሽ ስለሌለ ሦስቱንም ከዚህ ልኬልሻለሁ። በሞቴ ብዪ። በሞቴ ብዪ። ሦስተኛዋ የእማማ ነበረች፤ አራት ዓመት ሙሉ አፌ ውስጥ ቆይታለች። እሷንም ስለ እሳቸው አንቺ ተቀበይኝ። በሞቴ ብዪ።

ልጅሽ

ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀርባ፣ ከሦስተኛ ፎቅ
ሚያዝያ ፱ ቀን